ከቪትዝ ወደ ቮልስ

ቪትዛቸውን ሸጠው አሮጌ ቮልስ ለመግዛት የሚያስቡ አባወራዎች አሉና፣ ስለዚሁ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

የቮልስ ሞተር በስተኋላ ተቀምጦ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ ራዲያተር አይሻም፤ በእንጦጦ አቀበት ላይም ውሃው ፈላ ተብሎ አይቆምም። አሠራሩም ግልጥ ነውና ትዕግሥት ያለው ሰው ያለ ኮምፒዩተር በእጁ ሊያበጀው ይችላል። ዳሩ ግን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የቫልቮቹን ክፍተት ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ዘይቱም 2.5 ሊትር ብቻ ስለ ሆነ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። በዚህ የሚሰለች ሰው ቮልስን ባይነካ ይሻለዋል።

እኛን አብልጦ የሚያሳስበን የልጆቹ ነገር ነው። የመጨረሻው ቮልስ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ተሠርቶ ሥራው አብቅቷል፤ በአዲስ አበባ የምናያቸው ግን አብዛኞቹ ከዚያ እጅግ የቀደሙ ናቸው። በሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቤንዚኑ ጋን በስተፊት ነው፤ በብዙዎቹም የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ የለም። ባትሪው ደግሞ ልጆቹ ከሚቀመጡበት ከዚያው ወንበር ሥር ነው! ክዳኑ ከጠፋ፣ የወንበሩ ሽቦ በክብደት ወርዶ ሲነካው እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ስለዚህ ገዢው ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ አስቀድሞ ወንበሩን ያንሣ፤ ምንጣፉንም ገልጦ የወለሉን ዝገት ይመልከት። የባትሪው ክዳን ተበጅቶ ቀበቶውም እስኪገጠም ድረስ፣ ቪትዙ ባይሸጥ እንመርጣለን።