ኤቲቪውን የት እንንዳው?

«ወስኛለሁ፤ ኤቲቪ፣ ያን ባለ አራት ጎማ የጫካ ሞተር፣ እገዛለሁ» አለኝ ወዳጄ። «አገሩ እንደሆነ ሰፊ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ወጣ ካልክ ጫካው ማለቂያ የለውም። ነዳጅ ሞልቶ መሄድ ነው!»

ቆይ፣ ከመግዛትህ በፊት እንጫወት አልኩት። ማሽኑን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል። ከባዱ የሚነዳበት ቦታ ነው። የአሜሪካው ምዕራብ ውስጥ ብትኖር ነገሩ ሌላ ነበር፤ ኔቫዳ ውስጥ ከመሬቱ 80 በመቶ ያህሉ፣ ዩታ ውስጥ ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ለሞተር የተፈቀደው ብዙ ነው። እኛ ባለንበት በምሥራቁ ግን አብዛኛው ጫካ፣ አጥር ባይኖረውም፣ የግለሰብ ወይም የኩባንያ ነው። ሳታስፈቅድ ብትገባ ጥፋተኛ ነህ። ባለቤቱን ብትለምነውም እሺ ለማለት ይቸገራል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ አንተ ገደል ገብተህ ብትጎዳ ፍርድ ቤት የሚቆመው እሱ እንዳይሆን ስለሚፈራ ነው።

«ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ በተጎታች ጭነው የሚያልፉን ሰዎች የት ነው የሚሄዱት?»

እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምጠራው ዌስት ቨርጂኒያን ነው። ደቡባዊው ክፍል ተራራ በተራራ ነው፤ መሬቱም በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል፣ የእንጨትና የመሬት ኩባንያዎች ነው። የግዛቱ ምክር ቤት በ1996 ሕግ አወጣና የሃትፊልድ-ማኮይ መዝናኛ ባለሥልጣንን አቋቋመ። ባለመሬቶቹ መሬታቸውን አልሸጡም፣ አልለቀቁም፤ ሰው እንዲነዳበት ፈቀዱ እንጂ። ሕጉ በበኩሉ ነጂ ቢጎዳ እነሱ እንዳይጠየቁ ከለላ ሰጣቸው። መንገዱን የሚጠግነው፣ ምልክት የሚተክለው፣ ሥርዓት የሚያስከብረው ባለሥልጣኑ ነው። በ2000 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ዛሬ ከ1,000 ማይል በላይ፣ ማለትም ከ1,600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጥርጊያ መንገድ አለው። አየህ፣ እዚያ ተራራ ላይ የምትነዳው ብዙ ሰው ቁጭ ብሎ ስለተስማማ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከተራራው ይልቅ ይሄ ነው።

«ሃትፊልድ እና ማኮይ እነዚያ ደም የተቃቡት ቤተሰቦች አይደሉም እንዴ?»

ራሳቸው ናቸው። ሃትፊልዶች በዌስት ቨርጂኒያ በኩል፣ ማኮዮች በኬንታኪ በኩል፣ መሐላቸው ታግ ፎርክ የሚባል ወንዝ። በ1882 በምርጫ ቀን ሦስት የማኮይ ወንድማማቾች ኤሊሰን ሃትፊልድን በጩቤና በጥይት አቆሰሉት፤ እሱ ሲሞት ደግሞ ሃትፊልዶቹ ሦስቱንም አስረው ረሸኗቸው። በ1888 መባቻ የማኮይ ቤት በሌሊት ተቃጠለ። ደም የመመለስን ነገር እኛም አገር ቤት እናውቀዋለን፤ ማብራሪያ አያሻህም። የሃትፊልዶቹ አባወራ ዴቪል አንስ መቃብር ላይ በእብነ በረድ የተቀረጸ በቁመቱ ልክ የሆነ ሐውልት ቆሟል፤ ስትሄድ ሳታይ እንዳትመለስ። አንዱ ወገን የሌላውን መሬት መርገጥ ይፈራ በነበረበት አገር ዛሬ እንግዳ ሰው ከአንዱ ባለቤት መሬት ወደ ሌላው ያለ ስጋት ይሻገራል።

«ጥሩ፤ ግን ለጫካ ገንዘብ መክፈል አለብኝ?»

አዎ፣ የዓመት ፈቃድ ትገዛለህ፤ ከሌላ ግዛት ስለምትመጣ ከነዋሪው በላይ ትከፍላለህ። ደስ ብሎህ ክፈል። እዚያው ማክዶዌል የሚባለው ካውንቲ በ1950 ወደ 99,000 ሰው ነበረው፤ የከሰሉ ሥራ በማሽን ሲተካና የማዕድን ማውጫዎቹ ሲዘጉ ሕዝቡ እየወጣ በ2020 ቆጠራ 19,000 ገደማ ቀረ። ዛሬ እዚያ ጎጆ የሚያከራየው፣ ምግብ የሚሸጠው፣ የተሰበረ የሚጠግነው ሰው ደንበኛው አንተና መሰሎችህ ናችሁ። እንደ ዌልች፣ ጊልበርት፣ ሜትዋን ባሉ ከተሞች ከተራራው ወርደህ በኤቲቪህ ነዳጅ ማደያ ድረስ ትገባለህ፤ ምሳህን በልተህ ትመለሳለህ።

ከተማ ውስጥ ስትገባ ግን ቀስ በል። ይህ ማሽን ለአስፋልት አልተሠራም። ጎማው ሰፊና በጣም ዝቅተኛ አየር የሚሞላ ነው፤ የመኪናህ ጎማ 30 ፒ.ኤስ.አይ. እና ከዚያ በላይ ሲይዝ የዚህኛው 5 አካባቢ ነው። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ የኋላ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ አክስል እኩል ይዞራሉ። አፈር ላይ ስትታጠፍ አንደኛው ስለሚንሸራተት ችግር የለም፤ አስፋልት ጎማውን ስለሚይዘው ግን በፍጥነት ከታጠፍክ ሊገለበጥብህ ይችላል።

«መቀመጫውማ ረጅም ነው፤ ልጄን ከኋላዬ አስቀምጬ...»

አይሆንም! መቀመጫው የረዘመው ለሁለት ሰው ተብሎ አይደለም። ዳገት ስትወጣ ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ስትወርድ ወደ ኋላ እየተንፏቀቅክ ሚዛኑን እንድትጠብቅ ነው። ሌላ ሰው ከኋላህ ካለ ያ ቦታ የለህም። ለአንድ ሰው በተሠራው ላይ ሁለተኛ መጫን ሃትፊልድ-ማኮይ ውስጥም ክልክል ነው። አልኮልም ክልክል ነው፤ ሄልሜት ደግሞ ግዴታ።

«ዳገቱን ስትል አስፈራኸኝ።»

ስለዚህ ነው በቀለም የለዩት። አረንጓዴው ቀላሉ ነው፣ ሰማያዊው ከበድ ይላል፣ ጥቁሩ ልምድ ላለው ሰው ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ቅርባችን የሚገኘውን ሞክር፤ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ኤደንበርግ ከተማ አጠገብ፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ታስከርስ ጋፕ እና ፒተርስ ሚል ረን የሚባሉ መንገዶች አሉ። እዚያም ፈቃድ ያስፈልጋል። ጠዋት ወጥተህ ማታ ቤትህ ነህ።

«ካሊፎርኒያ ያለው ዘመዴ የአሸዋውን ቪዲዮ ይልክልኛል፤ እሱስ?»

ግላሚስ ይሆናል፤ ሜክሲኮ ድንበር አካባቢ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ የአሸዋ ክምር። ውብ ነው፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም። ነፋሱ የሚመጣበት ጎን ዝግ ብሎ ይወጣል፣ ማዶው ደግሞ ድንገት ይቆረጣል፤ ጫፉ ላይ እስክትደርስ ከወዲያ ማን እየመጣ እንደሆነ አታይም። ረጅም ዘንግ ላይ ባንዲራ ማሰር ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው። ከአሸዋውም የተወሰነው ክፍል ለብርቅ ዕፅዋት ተብሎ ለሞተር የተዘጋ ነው፤ የተዘጋውን አክብር። ዩታ፣ ሞአብ አካባቢ ደግሞ መሬቱን የሸፈነው ጥቁር ቅርፊት በጥቃቅን ሕያዋን የተሠራ ነው፤ አፈሩን ነፋስ እንዳይወስደው አስሮ የሚይዘው እሱ ነው። ጎማ አንዴ ከሄደበት ለማገገም አሥርት ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። ከመንገዱ አትውጣ የሚሉህ ለክፋት አይደለም።

«ስለ ልጄ አልጨረስክልኝም። 12 ዓመቱ ነው፤ ቃል ገብቼለታለሁ።»

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ኤቲቪ አይንዳ ይላል፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ለአዋቂ የተሠራው ማሽን ከተገለበጠ ያን ክብደት እሱ አይችለውም። ቃልህን ማክበር ከፈለግክ ሳይድ ባይ ሳይድ ተከራይ፤ ጎን ለጎን መቀመጫ፣ ቀበቶና የላይ መከላከያ ያለውን። እግሩ ወለሉን ከነካ፣ ጀርባው ከመቀመጫው ሳይነሳ መያዣውን መጨበጥ ከቻለ፣ አጠገብህ ይቀመጥ። አንተም በዚያው መንዳቱን ትወደው እንደሆነ ታያለህ፤ ግዢው አያመልጥህም።

«ታዲያ መቼ እንሂድ?»

በጥቅምት። ቅጠሉ የሚቀላበት ጊዜ ነው፤ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ብራምዌል ከዚህ በመኪና 5 ሰዓት ያህል ነው፣ የጫካው መንገድም ከከተማው ይጀምራል። ግን ያኔ ሰው ይበዛልና ጎጆውን ዛሬውኑ ደውለህ ያዝ። ማሽኑን ስታስይዝ ለልጁ ጭንቅላት የሚሆን ሄልሜት እንዳላቸው ጠይቅ፤ ከሌላቸው ከመሄዳችን በፊት እዚሁ አስለክተን እንገዛለታለን።