ሳይክሉን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ማቆሚያውስ?



ዛሬ ስለ መድኃኒትም ስለ ምግብም አልጽፍላችሁም። የምጽፍላችሁ ስለ ሳይክል ማቆሚያ ነው። «ዶክተር፣ ይሄ ደግሞ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና እናንተው ፍረዱ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እዚሁ ገነተ ማርያም የሚኖሩ አንድ አባት ለደም ግፊት ክትትል መጡ። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውንና መሥሪያ ቤታቸውን ግን አልጠቅስም። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሊሞላ ነው። ባለፈው ዓመት ግፊታቸው 136 በ84 ድረስ ወርዶ ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር። በዚህኛው ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ለካኋቸው፤ 158 በ96።

መድኃኒታቸውን አላቋረጡም። ጨው ቀንሰዋል፤ አብረዋቸው የመጡት ባለቤታቸውም መስክረውላቸዋል። ክብደታቸው ግን አራት ኪሎ ጨምሯል።

«ጋሼ፣ ምን ተቀየረ?» አልኳቸው።

«ሳይክሌን ሰረቁኝ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤት ወደ ሥራ በሳይክል ሃያ ደቂቃ ይሄዱ ነበር፤ ማታም ሃያ ደቂቃ ይመለሳሉ። የመሥሪያ ቤታቸው ግቢ ሰፊ ነው። መኪና ይገባል፣ ሞተርም ይገባል። ሳይክል ሲሆን ግን በሩ ላይ «አይቻልም» ይባላሉ። ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ያለ የማንጎ ዛፍ ላይ በሰንሰለት አስረው ይገባሉ። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ ከዛፉ ሥር ያገኙት የተቆረጠውን ሰንሰለት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚሄዱት በባጃጅ ነው፤ የባጃጁ ሒሳብ ደግሞ ከልጆቹ ደብተርና ከአስቤዛው ይቀነሳል።

«ጋሼ፣ እንደምንም ብለው ሌላ ይግዙ እንጂ» አልኳቸው። ፈገግ አሉ።

«ልግዛ ዶክተር። ገዝቼስ የት ላቁመው?»

መልስ አልነበረኝም። ለዓመታት «በሳይክል ይሂዱ፣ በእግር ይሂዱ» እያልኩ በካርድ ላይ ስጽፍ፣ ሳይክሉ ስምንት ሰዓት ሙሉ የት እንደሚውል አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

እስቲ ቁጥሩን አብረን እንሥራው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። እኚህ አባት በቀን 40 ደቂቃ ይነዱ ነበር። በአምስት የሥራ ቀን 200 ደቂቃ ይሆናል። ለጂም አልከፈሉም፣ ከእንቅልፋቸው ቀድመው አልተነሱም፣ «ጊዜ የለኝም» የሚል ሰበብም አላስፈለጋቸውም። የሥራ መንገዳቸው ራሱ ስፖርታቸው ነበር።

የደም ግፊት ያለበት ሰው እንዲህ ያለ እንቅስቃሴን ሲያዘወትር የላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ሊቀንስለት ይችላል። ይህ አንድ የግፊት ክኒን ከሚቀንሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። መድኃኒታችሁን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ እንቅስቃሴው መድኃኒቱን ያግዘዋል። በሀገራችን በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ሰዎች 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ሳያውቁት ይኖራሉ።

በእንግሊዝ ሀገር 263 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ተከታትሎ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ወደ ሥራ በሳይክል የሚሄዱ ሰዎች በጥናቱ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው በመኪና ወይም በሕዝብ ትራንስፖርት ከሚሄዱት በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ ማግኘቱን አስነብቧል። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን «ያዳናቸው ሳይክሉ ነው» ብሎ አይፈርድም፤ ቀድሞውኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ሳይክል ሊመርጥ ይችላል። ቢሆንም እንደዚህ ዓይነት ውጤት ያለው ክኒን ቢኖር ፋርማሲ በር ላይ እንሰለፍ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጥቅም የሚያስቀረው የግቢው በር ነው።

የጥበቃ ሠራተኛውን እንዳትቀየሙት። እሱ ክፉ ሰው አይደለም። ሳይክል አስገባ የሚል ወረቀት አልተሰጠውም። ቢጠፋ ደግሞ «አንተ ነህ ተጠያቂ» መባልን ይፈራል፤ ከደመወዜ ይቆረጥብኛል ብሎም ይሰጋል። ለመኪና ቦታ ተሰምሯል፤ ለሞተርም ጥግ ተገኝቷል። ሳይክል ግን በማንም ዕቅድ ውስጥ የለም። ስለዚህ በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ቀላሉን መልስ ይሰጣል፤ «አይቻልም»።

ይህ ጉዳይ የእኛ አካባቢ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ከተማዋ ለሳይክል ምን ያህል እንደምትመች ያውቃል። ሜዳ ናት፤ ተማሪውም ሠራተኛውም በሳይክል የሚሄድባት ከተማ በመሆን ስሟ የቆየ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለተወሰነ ሰዓት ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለሳይክል ሲከፈቱ አይተናል። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር ያላቸው መንገዶች ተሠርተዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እኔም አደንቃለሁ።

ነገር ግን መስመሩ የሚያደርሳችሁ እስከ መሥሪያ ቤታችሁ በር ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው የአለቃችሁ ጉዳይ ነው። ሳይክል የሚነዳው በቀን አርባ ደቂቃ፣ የሚቆመው ደግሞ ስምንት ሰዓት ነው። ለአርባ ደቂቃው መንገድ ሠርተን ለስምንቱ ሰዓት ቦታ ካልሰጠን ሥራው ግማሽ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዩትሬክት የምትባል ከተማ በባቡር ጣቢያዋ ሥር 12,500 ሳይክል የሚይዝ ማቆሚያ ሠርታ በ2019 እ.ኤ.አ. አጠናቃለች። ያን አምጡልን አልልም። እኔ የምለምነው የአንድ ብየዳ ቤት የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

መሥሪያ ቤት የምትመሩ፣ በጠቅላላ አገልግሎት ክፍል የምትሠሩ፣ እባካችሁ ይህን ልብ በሉልኝ፦

• ወፈር ያለ ቱቦላሬ ብረት በ«በ» ፊደል ቅርጽ ይታጠፍና ሁለት እግሩ በሲሚንቶ መሬት ውስጥ ይቀበር። ከመሬት በላይ ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይበቃዋል። ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሳይክል ይታሰርበታል። በመካከላቸው አንድ ሜትር ገደማ እየተተወ አምስቱ ቢተከሉ አሥር ሳይክል ያቆማሉ።
• የፊት ጎማን ብቻ ጨብጦ የሚይዘውን ዓይነት አትሥሩ። ቸርኬ ያጣምማል፤ ሌባም ጎማውን ትቶ ቀሪውን ይዞ ይሄዳል።
• ቦታው ከሕንፃው ጀርባ ሳይሆን ከጥበቃው ዓይን ሥር ይሁን። ማታ መብራት ይኑረው።
• እኛ ጋ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አይለቀንምና ከላይ ጥቂት ቆርቆሮ ይልበስ።
• ቁጥር ያለው ካርድ ይዘጋጅ፤ አንዱ ሳይክሉ ላይ ይንጠልጠል፣ ሌላው በባለቤቱ እጅ ይሁን። ካርዱን ያላሳየ ሳይክል ይዞ አይወጣም። ያኔ ጥበቃውም ከስጋት ይድናል።

«ግቢያችን ጠባብ ነው» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ አሥር ገደማ ሳይክል ይቆማል። «እዚህ ሳይክል የሚነዱት ሁለትና ሦስት ሰዎች ናቸው» የሚልም ሰምቻለሁ። ታካሚዬ አሁን ከእነዚህ ሁለትና ሦስት ሰዎች ውስጥ የሉም። ተሰርቀው የተውትን፣ በሩ ላይ ተመልሰው የተውትን፣ «የት አቆመዋለሁ» ብለው ጭራሽ ያልገዙትን ማን ቆጠራቸው?

ስለ ሴቶችም አንድ ነገር ልበል። ብዙ እህቶቼ ሳይክል መንዳት እየቻሉ ለሥራ አይነዱም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ማታ ከአጥር ውጭ ጨለማ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለት መፍታት ስለሚያስፈራ ነው። በመብራትና በጥበቃ አጠገብ ያለ ማቆሚያ ይህን ፍርሃት ይቀንሳል።

ጣቴን ወደ ሌሎች ብቻ እየቀሰርኩ እንዳይመስላችሁ። ከእኚህ አባት ጋር ከተነጋገርን በኋላ እኔ የምሠራበትን ጤና ተቋም ዞሬ አየሁት። የሐኪሞችና የኃላፊዎች መኪና ጥላ አለው። ከፅዳት ባልደረቦቻችን የአንዷ ሳይክል ግን ከካርድ ክፍሉ ጀርባ፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጋር በገመድ ታስሮ አገኘሁት። በየቀኑ በአጠገቡ ሳልፍ አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። ታካሚዎቻችንን «ተንቀሳቀሱ» የምንል እኛ፣ ተንቀሳቅሶ ለሚመጣው ሰው ቦታ የለንም። ሦስት ባልደረቦች ሆነን ጥያቄያችንን በጽሑፍ አስገብተናል። መልሱን ስናገኝ እነግራችኋለሁ።

ወላጆች፣ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው። ልጃችሁ «ሳይክል ግዙልኝ» ሲል የምትሰጉት ስለ መንገዱ ነው፤ ልክ ናችሁ። ሆኖም በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ «ልጆቻችን ሳይክል የሚያቆሙበት ቦታ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ወላጅ ሲጠይቅ ዝም ሊባል ይችላል፤ አሥር ወላጅ ሲጠይቅ ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል።

ማቆሚያው እስኪሠራ ድረስ ደግሞ አሁን ሳይክል ለምትነዱ፦

• ሰንሰለቱን በጎማው ብቻ አታሳልፉ። ዋናውን አካልና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ፣ ከማይነቀል ነገር ጋር እሰሩ። ቀጭን ሽቦ በቀላሉ ይቆረጣል።
• ብዙ ጊዜ ከፔዳሉ መሐል ሥር የተቀረጸ ቁጥር አለ። ጻፉት፤ ሳይክሉንም ፎቶ አንሱት፤ ደረሰኙን አትጣሉ። ቢጠፋ ለፖሊስ የምታሳዩት ማስረጃ ይህ ነው።
• ብቻችሁን ከምትጠይቁ የሥራ ባልደረቦቻችሁን አሰባስባችሁ፣ ፈርማችሁ፣ በደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ ቦታውን ራሳችሁ ጠቁሙ።
• ሄልሜት አድርጉ፤ ፍሬናችሁን ፈትሹ፤ ማታ ከፊትም ከኋላም መብራት ይኑራችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ማየት ያለባችሁም አላችሁ። ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን የሚያማችሁ፣ ከወትሮው የተለየ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ፣ ራሳችሁን የሚያዞራችሁ፣ ወይም ግፊታችሁ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ቅድሚያ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ለስኳር ህመም ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ ከረሜላ ወይም ስኳር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ እየነዳችሁ ማውራት እስክትችሉ ድረስ ቀስ በሉ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

የእኚያ አባት ቀጣይ ቀጠሮ በሚመጣው ወር ነው። መድኃኒታቸውን አስተካክዬላቸዋለሁ፤ እስከዚያው ከባጃጁ ቀደም ብለው ወርደው ቀሪውን በእግር እንዲሄዱም ተስማምተናል። ግፊታቸውን እለካለሁ፣ ስለ ጨው እጠይቃቸዋለሁ። የሳይክሉን ጉዳይ ግን በእኔ እስክሪብቶ ማዘዝ አልችልም። ያ ትእዛዝ ያለው በሥራ ኃላፊዎች እጅ ነው።

እናንተ ኃላፊ ከሆናችሁ፣ ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ስትገቡ ከአጥራችሁ ውጭ ዛፍና ምሰሶ ላይ የታሰሩ ሳይክሎችን ቁጠሩልኝ። ባለቤቶቻቸው የእናንተው ሠራተኞች ናቸው።

የእናንተ መሥሪያ ቤት ወይም የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሳይክል ማቆሚያ አለው? ከሥር ጻፉልኝ። ጽሑፉን ለአለቃችሁም ላኩለት።

ጤና ይብዛላችሁ!