ለደገኛ የመርከብ መጽሐፍ ምን ይሠራለታል ለሚሉ

ደብረ ማርቆስ ላይ ተቀምጦ የታላላቅ መርከቦችን ሥዕላዊ መጻሕፍት መሰብሰብ ከንቱ ድካም ነው የሚሉ አሉ። ባሕር ለሌለው አገር የባሕር መጽሐፍ ምን ይረባዋል? ገንዘቡ ስለ እርሻና ስለ ጤና ለሚያስተምር መጽሐፍ ቢውል አይሻልምን? ይላሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ብልህነት ይመስላል፤ እኛ ግን አንቀበለውም።

የደብረ ማርቆስን ከፍታ ስንናገር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል እንላለን። ተራራችንን እንኳ የምንለካው ከባሕር ተነሥተን ነው። ታሪካችንም እንዲሁ ነው። የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ለመጎብኘት በሄዱ ጊዜ ከጅቡቲ ወዲያ ያለውን መንገድ ያቀናላቸው መርከብ ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ምስክርም አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ለስደት ከጅቡቲ የተነሡት ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። ከጂብራልታር እስከ ሳውዝሃምፕተን ግን የተሳፈሩት የኦሪየንት ላይን ኩባንያ በሆነችው በኦርፎርድ፣ ማለትም በተራ የመንገደኛ መርከብ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለንጉሥ የሚገባውን ይፋ አቀባበል ማድረግ አልፈለገምና። የጦር መርከብንና የመንገደኛ መርከብን ለይቶ የሚያውቅ አንባቢ የዚያን ዘመን ፖለቲካ ከዚህች ለውጥ ብቻ ይረዳዋል። እኒሁ ስደተኛ ንጉሠ ነገሥት በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል ተመልሰው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ኦርፎርድ ደግሞ በግንቦት 1932 ዓ.ም. ማርሴይ አጠገብ በጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ ተቃጥላ ነበር፤ ኋላም ለብረቷ ተቆራረጠች። ዛሬ እርሷን ማየት የሚቻለው በመጽሐፍ ብቻ ነው። እንግዲህ ለሌላው የቶን ልክና የጭስ ማውጫ ቀለም የሆነው ሥዕል፣ ለእኛ የስደታችን መዝገብ ነው።

ሰብሳቢውንም ቢሆን ሳንወቅስ አናልፍም። መጽሐፉን ለመደርደሪያ ጌጥ ገዝቶ፣ የየትኛው ኩባንያ መርከብ እንደ ሆነች፣ በየትኛው መሥመር እንደ ተመላለሰች፣ ማንን እንዳሳፈረች የማይጠይቅ ሰው ወረቀት አከማቸ እንጂ መጽሐፍ አልሰበሰበም።

ከሁሉም የሚያሳስበን የራሳችን ነገር ነው። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ሆና የባሕር በራችን ከተዘጋ በኋላም የኢትዮጵያ መርከቦች ሰንደቅ ዓላማችንን ይዘው ውቅያኖስ ማቋረጣቸውን አልተዉም። ከእነርሱም አንዷ «ዓባይ ወንዝ» ትባል ነበር፤ ኋላም «ባሕር ዳር» የተባለች ነዳጅ ጫኝ ተጨመረች። የጎጃም ወንዝና የጣና ዳር ከተማ ስማቸው በመርከብ ላይ ተጽፎ ሲዞር፣ ጎጃሜው የመርከብ መጽሐፍ አይመለከተውም ማለት ከቶ እንዴት ይሆናል?

መርከብ ያረጃል፤ ይሸጣል፤ ለብረቱ ይቆራረጣል። ሥዕሉንና ታሪኩን ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ ካላኖርን፣ የራሳችንን መርከቦች መልክ ነገ ከባዕድ ለምነን እንገዛለን። ያን ጊዜ ዋጋው ከዛሬው የመጽሐፍ ዋጋ እንደማያንስ ተቃዋሚዎቻችን ከወዲሁ ይወቁት።