የሚጠፋው ጀርመኑ አይደለም

አቃቂ በሰቃ ያደገ ሰው የፈረንጅ ወሬ አያጣም። የጅቡቲው ባቡር በሰፈራችን አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ፈረንሳዩም፣ ጀርመኑም በዚሁ መስመር ተመላልሷል። በጣልያን ወረራ ዋዜማ አውሮፕላን የሚያርፈው አቃቂ ሜዳ ላይ ነበር። ከዚያ ደግሞ የፋብሪካው ዘመን መጣ። ስለዚህ ቡና ላይ ወሬ ሲሞቅ «የእኛ ቅድመ አያት እኮ ጀርመን ነው» የሚል አንድ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ማስረጃ ሲባል የሚቀርበው ግን የአክስት ፀጉር ነው፤ ወይ የአጎት አፍንጫ።

አሁን አሁን ወሬው ወደ ፍለጋ ተቀይሯል። ኢንተርኔት የሚያስስ አለ፤ ኤምባሲ ደብዳቤ የሚጽፍ አለ፤ በዘመድ በኩል ምራቁን ለዲኤንኤ ምርመራ ውጭ የላከም አለ። ፍለጋውን አንቃወምም። ሰው ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ ምን ክፋት አለው? እኛን የሚያሳስበን የፍለጋው ቅደም ተከተል ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጀርመኑ ነው። ጀርመኑ ግን የትም አይሄድም። ተጽፏል፣ ታትሟል፣ ተቀምጧል። በየዓመቱ ከእጃችን የምትወጣው እሱን ያገባችው፣ ልጆቹን ያሳደገችው፣ ስሟ የትም ያልተጻፈው ሴትዮ ናት።

ይህን ስንል ከሜዳ ተነስተን አይደለም። በደንብ የተጠና አንድ ቤተሰብ እንይ።

ከጋፋት እስከ ለንደን

ኤዱዋርድ ዛንደር እ.ኤ.አ. በ1813 አንሃልት በሚባለው የጀርመን ግዛት የተወለደ ሠዓሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ወደ አገራችን መጣ፤ መጀመሪያ ደጃዝማች ውቤን፣ ኋላም አፄ ቴዎድሮስን አገለገለ። ከኢትዮጵያዊት ሴትም ወለተ ኢየሱስ የምትባል ልጅ ወለደ። ወለተ ኢየሱስ ካታሪና የሚልም ስም ነበራት። ያገባችው ሞሪትዝ ሃል የተባለ የፖላንድ ተወላጅ ነው። ሃል ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ክርስትና የተቀበለ ሲሆን፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ካቀለጡት የእጅ ባለሙያዎች አንዱ ነበር።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ እነዚህ ባለሙያዎች ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። የሃል ቤተሰብ ያፋ ላይ ኑሮ መሠረተ። በዚያው በመቅደላ ዓመት የተወለደችው ልጃቸው ማግዳሌና አድጋ ፕላቶ ፎን ኡስቲኖቭ የሚባል ከሩሲያ የመጣ ባላባት አገባች። የእሷ ልጅ ዮና ሲሆን፣ የዮና ልጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1921 ለንደን ውስጥ የተወለደው፣ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። አዎ፣ በ«ስፓርታከስ» ፊልም ላይ ያየነው ሰውዬ! እ.ኤ.አ. በ2004 አረፈ። የማግዳሌና ወንድም ዳዊት ሃል ደግሞ ወደ እናቱ አገር ተመልሶ ለቤተ መንግሥት አማካሪ ሆኖ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 መሣሪያ እንዲያፈላልግ ወደ ጀርመን የተላከው እሱ ነበር።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? ሚስዮኖች ደብዳቤ ይጽፉ ስለነበር ነው። ደብዳቤው ስላልተጣለ ነው። ጥምቀቱ፣ ጋብቻውና ሞቱ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ነው። ኋላም ተመራማሪዎች እየለቀሙ አገጣጠሙት።

አሁን ወደ ላይ እንመለስና ስለ ወለተ ኢየሱስ እናት እንጠይቅ። የዛንደርን የትውልድ ዓመትና አገር ጠቅሰን እንናገራለን። ስለ እሷ የሚደጋገመው ግን ስሟና የጎንደር ቤተ መንግሥት ሴት መሆኗ ነው። አባቷ ማን ነበር? የት ተወለደች? መቼ አረፈች? ልጇ ወደ ያፋ ስትሄድ ምን አለች? ዝም። በአንድ ትዳር ውስጥ አንዱ ሙሉ ገጽ አለው፤ ሌላዋ ግማሽ መስመር።

ሁለተኛው ምሳሌ ለአቃቂ ልጅ ይቀርባል። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራት «ፀሐይ» አውሮፕላን ጣልያን ከወሰዳት በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. አገሯ ገባች። ደስ ብሎናል። የቬበርን ስም ሁላችንም ሰማን። አብረውት የሠሩትን ኢትዮጵያውያን በስም ጥሩ ብንባል ግን ስንቶቻችን አንድ ስም እንጠራለን?

የጀርመኑ መዝገብ እንዴት ይገኛል?

ፈላጊዎችን አናስቀይም፤ መንገዱን እናሳይ። የጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር ይመዘግቡ ነበር። በፕሮይሰን እ.ኤ.አ. ከ1874፣ በመላው ጀርመን ደግሞ ከ1876 ጀምሮ ምዝገባው የመንግሥት ሆነ። የልደት መዝገብ 110 ዓመት፣ የጋብቻ 80 ዓመት፣ የሞት 30 ዓመት ሲሞላው ወደ ቤተ መዛግብት ተዛውሮ ለማንኛውም ሰው ይከፈታል። ከዚያ በፊት በቀጥታ የተወለደ ዘር መሆኑን ያስረዳ ሰው ማግኘት ይችላል። የፕሮቴስታንት መዛግብት «አርኪዮን» በሚባል ድረ ገጽ፣ ብዙ የካቶሊክ መዛግብትም «ማትሪኩላ» ላይ ይነበባሉ። ውጭ አገር ለኖሩ ጀርመኖች በርሊን ያለው የመጀመሪያው የክብር መዝገብ ቢሮ፣ እንዲሁም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ቤተ መዛግብት አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለተሳደዱና ለተበተኑ ሰዎች ደግሞ የአሮልሰን ቤተ መዛግብት አለ።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? እነዚህ በሮች ሁሉ ሲያንኳኩ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የየትኛው መንደር ሰው ነው? «ጀርመን» ማለት አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከ1871 በፊት አንድ ጀርመን የሚባል መንግሥት አልነበረም፤ መዝገቡ የሚቀመጠው በየደብሩ ነው። የመንደሩ ስም፣ ሃይማኖቱ፣ ትክክለኛ የቤተሰብ ስሙ ያስፈልጋል። እኛ ጋ ደግሞ ስሙ «ሙሴ ሚለር» ሆኗል። ሚለር ነው ወይስ ሙለር? ልጁ ዮሐንስ ተብሎ፣ የልጅ ልጁ ሰለሞን ዮሐንስ ሆኖ፣ በሦስተኛው ትውልድ የጀርመኑ ስም ከመታወቂያ ላይ ወጥቷል። እኛ በአባት ስም እንጠራለን እንጂ የቤተሰብ ስም አንወርስም።

የመንደሩን ስም፣ «ካቶሊክ አልነበረም፣ ጴንጤ ነገር ነበር» የሚለውን ፍንጭ፣ በሣጥን ውስጥ ያለችውን አንዲት ደብዳቤ የያዘው ማነው? የበርሊን ቢሮ አይደለም። አያታችሁ ናቸው። እሳቸውን ሳይጠይቁ ወደ አውሮፓ መጻፍ ቁልፉን ቤት ትቶ በር እንደማንኳኳት ነው።

ለፓስፖርት ብላችሁ ከሆነ

እንነጋገር እንጂ፤ ብዙው ፍለጋ ታሪክ ወዳድነት ብቻ አይደለም። ቪዛው አለ፣ ፓስፖርቱ አለ። በዚህ ማንንም አንወቅስም፤ ኑሮው የታወቀ ነው። ግን እውነቱን እንወቅ። እ.ኤ.አ. በ1870 በወጣው ሕግ ከአገሩ ወጥቶ አሥር ዓመት የቆየና ቆንስላ ያልተመዘገበ ጀርመናዊ ዜግነቱን ያጣ ነበር፤ ይህ እስከ 1914 ቆይቷል። በጋብቻ የተወለደ ልጅ ከጀርመናዊት እናት ዜግነት መውረስ የቻለው ከ1975፣ ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ ከጀርመናዊ አባት የወረሰው ደግሞ ከሐምሌ 1993 ጀምሮ ነው፤ ሁሉም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ስለዚህ በምኒልክ ዘመን የመጣ ቅድመ አያት ፓስፖርት የማሰጠት ዕድሉ ከሌለ አይሻልም።

በደርግ ዘመን ምሥራቅ ጀርመን የተማሩ ኢትዮጵያውያን የወለዷቸው ልጆች ነገር ግን ሌላ ነው። እዚያ ፈላጊው ጀርመን አገር ያለው ልጅ ነው፤ የሚፈለገው አባት እኛ ጋ ነው። የልጁ መዝገብ በሥርዓት ተቀምጧል። «አባት፦ ኢትዮጵያዊ» ከሚለው ወዲህ ያለውን መንገድ የሚያሳየው መዝገብ የታል? ፍለጋው የሚቆመው እኛው በር ላይ ነው።

መዝገብ ሁሉ ቅዱስ አይደለም

ጀርመኖችን ስናደንቅ ግን ዓይናችንን ጨፍነን አይሁን። በናዚ ዘመን እያንዳንዱ ጀርመናዊ የአያቶቹን የጥምቀት ወረቀት እየለቀመ «ንጹሕ ደም» እንዳለው እንዲያስረዳ ይጠየቅ ነበር። ያ ሁሉ የደብር መዝገብ የተገለበጠው ሰውን ከሥራ ለማባረር፣ ብሎም ለሞት ለመለየት ነው። ዘር ቆጠራ የት እንደሚያደርስ ከእነሱ በላይ የሚነግረን የለም፤ እኛም ለትምህርቱ ሩቅ አይደለንም። ስለዚህ «የፈረንጅ ደም አለኝ» የሚለው ጉራ አይጥመንም። ደም ለመመዘን የሚፈለግ መዝገብ ይቅርብን። የምንፈልገው ሰውን ለማስታወስ የሚሆነውን ነው።

ደግሞ እነሱም ያቃጥላሉ። የብሬመን ወደብ ሰዎች የቆየውን የተጓዦች ዝርዝር «ቦታ ጠበበን» እያሉ እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1908 ድረስ ሲያጠፉ ኖረዋል። ሐምቡርግ ግን ከ1850 እስከ 1934 ያለውን አብዛኛውን አስቀመጠች። ያው አንድ አገር፣ ሁለት ወደብ። ልዩነቱ ሥልጣኔ አይደለም፤ አንድ ቢሮ ውስጥ «ይቀመጥ» ያለ ሰው መኖሩ ነው።

የአቃቂ መዝገብ የት አለ?

እኛ ጋ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ስለ ክብር መዝገብ ጽፎ ነበር፤ ያ ክፍል ግን ሥራ ላይ ሳይውል ኖረ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም.፣ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደና የሞተ ሰው ሁሉ የት ተጻፈ?

ተጽፏል፤ እኛ መዝገብ ብለን ስላላየነው ነው። የእድር መዝገብ እናንሳ። አባሉ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ እናትና አባቱ፣ የሚስቱ ወላጆች ሳይቀሩ ለለቅሶ ሲባል ይጻፋሉ። ማን መቼ እንዳረፈ፣ ስንት ብር እንደተከፈለ አለ። የጀርመን ቄስ ከጻፈው በምን ያንሳል? የፋብሪካ ሠራተኛ ማኅደርም አለ፦ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የተያዥ ስም፣ ጉርድ ፎቶ። አቃቂን የሠሩት ከየአገሩ መጥተው ክርና ብረት ላይ ያረጁ ሰዎች ታሪክ ያለው እዚያ ማኅደር ውስጥ ነው። የቀበሌ ቅጽ አለ፣ የክርስትና ካርድ አለ፣ የባቡር ሠራተኛ ደብተር አለ። ፋብሪካ ሲሸጥ፣ ቀበሌ ሲታጠፍ፣ ሰፈር ሲፈርስ እድሩም ይበተናል። ያኔ ወረቀቱ ወይ ለእሳት ወይ ለቆሎ መጠቅለያ ይሄዳል።

እኛ የምንጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። የእድር ዳኞች አሮጌውን ደብተር ከመጣል ፎቶ ያስነሡት፤ ስልክ የሌለው ልጅ የለም። ወረዳዎችና ፋብሪካዎች አሮጌ ማኅደር ከማስወገዳቸው በፊት ብሔራዊ ቤተ መዛግብትን ይጠይቁ። እኛ ወጣቶቹ ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ሽማግሌ ወይ አንዲት አሮጊት አጠገብ እንቀመጥ። የእናትዎ እናት ስም ማን ነበር? ክርስትና ስማቸውስ? ከየት መጡ? የት ተቀበሩ? ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ሴቶቹ እንጠይቅ፤ በአባት ስም በሚጠራ አገር መጀመሪያ የሚጠፋው የእናት ስም ነው።

ጀርመኑን ያኔ ፈልጉት። መንደሩ ውስጥ፣ ደብሩ መዝገብ ላይ፣ በሚያስቸግረው የድሮ ጀርመን ጽሕፈት ስሙ ተጽፎ መቶ ዓመት ጠብቋችኋል፤ ሌላ ዓመት ቢጠብቅ ምንም አይሆንም። እማማ ግን ዘንድሮ ማየት እየደከማቸው ነው።