ኅዳር ሲታጠን፦ ጭሱ ቀረ፣ ትምህርቱስ?

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ሰፈሩም በጭስ ይታፈናል። "ኅዳር ሲታጠን" የሚለውን የማያውቅ የለም። ከጀርባው ያለውን ታሪክ የሚያስታውሰው ግን እየቀነሰ ነው።

ታሪኩ የኅዳር በሽታ ነው። ዓለምን ያዳረሰው የ1918 እ.ኤ.አ. ኢንፍሉዌንዛ በ1911 ዓ.ም. ኢትዮጵያን መታ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል፤ በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው እንደሞተም በግለ ታሪካቸው ጽፈዋል። በዓለም ደረጃ የሟቾቹ ቁጥር 50 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል።

በጭስ በሽታን ማባረር ይቻላል ብሎ ባመነው ሰው ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን የአውሮፓና የአሜሪካ ታላላቅ ሐኪሞችም ገዳዩን አላወቁትም። ብዙዎቹ ባክቴሪያ ነው ብለው ለዚያው ክትባት ሠሩ። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተለየው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሟቾቹ ከተቀበሩ ከ15 ዓመት በኋላ።

ታዲያ መድኃኒት ሳይኖር ምን ሠራ? ፊላደልፊያ በሽታው ከገባ በኋላ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. ታላቅ ሰልፍ እንዲካሄድ ፈቀደች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሆስፒታሎቿ ሞሉ። ሴንት ሉዊስ ግን ትምህርት ቤቱን፣ ሲኒማውንና ቤተ ክርስቲያኑን ቶሎ ዘጋች፤ የሞቱ መጠን ከፊላደልፊያ በእጅጉ ያነሰ ሆነ። በሽታው አንድ፣ የመድኃኒቱ እጦትም አንድ ነበር። የለያቸው በጊዜ መወሰን ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። ከሟቾቹ አብዛኞቹን የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛውን ተከትሎ የገባው በባክቴሪያ የሚመጣ የሳንባ ምች እንደነበር ኋላ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ያን ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ አለ፤ እየባከነ ግን ነው። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዝቶ የሚውጥ፣ ሲሻለው ደግሞ ግማሹን የሚተው ሰው ሞልቷል። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ስለሆነ መድኃኒቱ ምንም አያደርገውም፤ ባክቴሪያዎችን ግን መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል። የ1911 ሰው ያጣውን መሣሪያ የዛሬው ሰው በእጁ እያደነዘዘው ነው።

መድኃኒት መኖሩና ለበሽተኛው መድረሱም ሁለት ነገር ነው። በኮቪድ ጊዜ ኦክስጅን የሚባል ነገር በሕክምና ሳይታወቅ ቀርቶ አልነበረም፤ በብዙ አገር በሽተኛው አልጋ አጠገብ ስላልነበረ ነው ሰው የሞተው። ዘመናዊ ሕክምና ማለት ግኝቱ ብቻ አይደለም። የጤና ጣቢያው ሲሊንደር፣ የነርሷ ጓንትና ጭምብል፣ የወረርሽኙን ወሬ ሳይደብቅ በጊዜ የሚናገር ባለሥልጣንም ነው።

ኅዳር 12 መረሳት የለበትም፤ መለወጥ ግን አለበት። ጽዳቱ ይቀጥል። ማቃጠሉ ይቅር፤ ቫይረሱ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው እንጂ ከቆሻሻ ክምር አይመጣም፤ የላስቲክ ጭስ ደግሞ የሚጎዳው ያንኑ ሳንባ ነው። በምትኩ በዚያ ቀን በየወረዳው አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ወረርሽኝ ነገ ቢገባ ጤና ጣቢያው ውስጥ ምን አለ?

መልሱ ዛሬ ካልተፈለገ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።