አገልግሉ ባዶውን አይመለስም

በምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ አንድ የማይሻር ሥርዓት አለ፡፡ ከባልደረቦቻችን አንዱ ሲያገባ፣ አንዷ ስትወልድ፣ ሌላው ሲመረቅ፣ ስማችን የተደረደረበት ወረቀት ከመስኮት ወደ መስኮት ይዞራል፤ እያንዳንዳችን በስማችን ትይዩ የምናዋጣውን እንጽፋለን፤ እንፈርማለን፡፡ እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የሚወደድ ነው፡፡ የእኔ ጠብ የሚጀምረው ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፡፡

በቅርቡ አንዲት ባልደረባችን ወለደች፡፡ በመዋጮው የተገዛው ስጦታ ትልቅ የፕላስቲክ ቅርጫት ነበር፤ በውስጡ የፕላስቲክ አበባ፣ ባትሪው ሲያልቅ አብሮ የሚሞት አሻንጉሊት፣ ሁለት ጥንድ የሕፃን ካልሲ፤ ይህ ሁሉ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላስቲኩ ደግሞ በሌላ ላስቲክ ታስሮ፡፡ አራሷን ልንጠይቅ ሄድን፤ ገንፎ በላን፤ መረቅን፡፡ የአራሷ እናት ስጦታውን ፈትተው ካልሲዎቹን አወጡና የቀረውን በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው ቆሙ፡፡ ወደ ጓዳ ተመለከቱ፤ ወደ በር ተመለከቱ፡፡ ከዚያም ቀስ ብለው፣ «ይኼንንስ የት ላድርገው ልጆቼ?» አሉን፡፡

በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም የተማርን፣ የሚሊዮን ብር ሒሳብ ማስታረቅ የምንችል ነን፡፡ አንዳችንም መልስ አልነበረንም፡፡

ጥያቄያቸው በሆዴ ሲብሰለሰል ከርሞ ዛሬ ብዕር አስነሣኝ፡፡ እነሆ ክሴ፡- እኛ የከተማ ሰዎች ስጦታ መስጠት ትተን ቆሻሻ ማዛወር ይዘናል፡፡ በሙያዬ ቋንቋ ልናገርና፣ በወዳጃችን ሒሳብ ገቢ የምናደርገው ሀብት ሳይሆን ዕዳ ሆኗል፡፡ የመስጠቱ ደስታ የእኛ፤ መጣያ የመፈለጉ ጣጣ የእርሱ፡፡

ወደ እናቶቻችን ጓዳ እንመለስ፡፡ እናቴ አራስ ስትጠይቅ ወይም ለቅሶ ስትደርስ የምትይዘው አገልግል፣ በስንደዶና በአክርማ ተሰፍቶ ቆዳ የለበሰ፣ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ዕቃ ነበር፡፡ ድፎ ዳቦው በኮባ ተጋግሮ ይሄዳል፤ ኮባው ፍየል ካላገኘው አፈር ይሆናል፡፡ አገልግሉ ግን ይመለሳል፤ ሲመለስም ባዶውን አይመለስም፡፡ የተቀበለችው ሴት ምንም ቢቸግራት እፍኝ ቆሎ ታኖርበታለች፡፡ ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ነበር፡፡ በልጅነቴ ይህ ልማድ የዕቃ ማመላለስ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሳድግ ግን በሁለት ቤቶች መካከል እየሄደና እየመጣ ዝምድናን የሚሰፋ መርፌ መሆኑ ገባኝ፡፡

ፈረንሳዊው ምሁር ማርሴል ሞስ በ1925 እ.ኤ.አ. ስለ ስጦታ ባሳተመው ዝነኛ ጥናት፣ ስጦታ ሦስት ግዴታዎችን አስተሳስሮ እንደሚይዝ አስተምሯል፤ መስጠት፣ መቀበልና ብድር መመለስ፡፡ እናቴ ሞስን አላነበበችም፤ አገልግሏን ግን ታውቅ ነበር፡፡ እኛ ሞስን ማንበብ እንችላለን፤ አገልግሉን ግን በላስቲክ ለወጥነው፡፡ ላስቲክ የሚሄድ እንጂ የሚመለስ አይደለም፡፡ ማንም የተቀደደ ላስቲክ አጥቦ፣ ቆሎ ሞልቶ ለጎረቤቱ ሲመልስ አላየሁም፡፡

ስለ አበባው ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፡፡ አገራችን በአበባ ላኪነት በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠራ ናት፡፡ በባቱ፣ በሆለታና በሰበታ የሚበቅለው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ የሆላንድ ገበያ ሲደርስ፣ እኛ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣውን የፕላስቲክ ጽጌረዳ ገዝተን ለሙሽራ እናበረክታለን፡፡ በመስከረም ማንም ሳይዘራው ሜዳውን ቢጫ የሚያለብስ አደይ አበባ ያላት አገር ልጅ፣ ለአዲስ ዓመት የፕላስቲክ አበባ ይሰጣል! ለቡና ሥርዓት የሚጎዘጎዘው ቄጤማ እንኳ በብዙ ቤት በፕላስቲክ ሣር ተተክቷል፡፡ «አይደርቅም» ይሉኛል፡፡ ስሕተቱ እርሱ ነው! አበባ የፍቅር ምልክት የሆነው ስለሚደርቅ አይደለምን? ዛሬ ካልሰጠሁህ ነገ ይረግፋል የሚለው ጥድፊያ እኮ ነው ውበቱ፡፡ የማይደርቅ አበባ የሚሰጥ ሰው ለወዳጁ የሚነግረው፣ «ሁለተኛ ላስታውስህ አልገደድም» ብሎ ነው፡፡

የማይደርቀው ነገር የት ይሄዳል? እኔ የማውቀው መልስ አንድ ስም አለው፤ ቆሼ፡፡ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን በላ፡፡ ያን ክምር የሠራው የስጦታ ላስቲክ ነው ብል ዋሾ እሆናለሁ፤ የሁላችንም የዕለት ተዕለት ጥራጊ ለአሥርት ዓመታት የተከመረበት ነው፡፡ ነገር ግን «ጣልኩት» የምንለው ሁሉ የሆነ ቦታ እንደሚወድቅ፣ ከዚያም ቦታ ሥር ሰው እንደሚኖር ከዚያ ቀን በኋላ አላወቅሁም ማለት አይቻልም፡፡

ሕግስ የለም ወይ? አለ፡፡ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ፌስታሉ ግን ከአዋጁ በኋላም በየሱቁ ነገሠ፡፡ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል፡፡ መልካም ነው፡፡ ሆኖም ሕግ የሸመታውን ፌስታል ከእጃችን ቢያስጥለን፣ «ያልተብለጨለጨ ስጦታ አይከብርም» የሚለውን ይሉኝታ ከልባችን የሚያስጥለን ማን ነው?

አሁን ተቃዋሚዎቼን ልስማ፡፡ አንደኛው፣ «ፕላስቲክን መጥላት የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው» ይለኛል፡፡ እኔ ፕላስቲክን ሁሉ አልጠላም፡፡ ጀሪካን የእናቶቻችንን ጀርባ ከከባዱ የሸክላ እንስራ አሳርፏል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል፡፡ ጀሪካን ግን ዓመታት ያገለግላል፤ ቢያረጅ የእህል መስፈሪያ፣ የችግኝ ማፍያ ይሆናል፡፡ ጠቤ አንድ ሰዓት ለመታየት ተሠርቶ ከልጅ ልጆቻችን በላይ ከሚኖረው ጋር ነው፡፡ ሁለተኛው፣ «ያለ መጠቅለያ መስጠት ንፉግነት ይመስላል» ይላል፡፡ ስጦታህን በነጠላ ወይም በሻሽ ጠቅልለው፤ መጠቅለያው ራሱ ስጦታ ይሆናል፡፡ ሦስተኛው፣ «ቅርጫቱ ርካሽ ነው፤ እጅ ያጥረናል» ይላል፡፡ ወዳጄ፣ ከቅርጫቱ ውስጥ የተፈለገው ካልሲው ብቻ ነበር፤ የቀረውን ብር የከፈልከው ለጥራጊው ነው፡፡

እንግዲህ ለራሴ ያወጣሁትን ሕግ ላካፍላችሁ፡- ቁራሌው የማይገዛውን አትስጥ፡፡ ያ በየሰፈሩ እየጮኸ የሚያልፈው ሰው ጫማችንን፣ ቆርቆሯችንን፣ የውኃ ጠርሙሳችንን ሳይቀር ይገዛል፤ የገዛውም መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሁለተኛ ሕይወት ያገኛል፡፡ የስጦታ ላስቲክና የፕላስቲክ አበባ ይዛችሁ ብትጠሩት ግን ፈገግ ብሎ ያልፋችኋል፡፡ አሮጌ ነገር ማየት የሚያውቅ ዓይን የናቀውን፣ ለምን ለምንወደው ሰው እናቀርባለን?

ምን እንስጥ? ለአራስ አጃና ቅቤ፤ ለሽማግሌ ጋቢ፤ ለሙሽሮች ሰፌድ፣ ጀበና፣ ሌማት፤ ቤት ለሠራ ሰው የሎሚ ችግኝ፡፡ ለእንደ እኔና እንደ እናንተ ላለው የፊደል ምርኮኛ ደግሞ መጽሐፍ፤ ያውም ሰው ያነበበው፣ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጫጫረበት አሮጌ መጽሐፍ፡፡ ለእንቁጣጣሽ ልጆች በእጃቸው ሥለው ከቤት ቤት የሚያዞሩት የመልአክና የአበባ ሥዕል አንድ ቅጠል ወረቀትና ጥቂት ቀለም ነው፤ እናቴ ግን የእኔን የልጅነት ሥዕል እስከ ዛሬ በመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አኑራዋለች፡፡ ከዚያ ወዲህ የሰጠኋት የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ የት እንደገባ እርሷም እኔም አናውቅም፡፡

ሰሞኑን የመዋጮው ወረቀት እንደገና ዞረ፡፡ በስሜ ትይዩ ብሩን ጻፍኩና ከሥሩ፣ «ጋቢ ይገዛ፤ ላስቲክ አይግባበት» ብዬ ጨመርኩ፡፡ አንዱ ሳቀብኝ፤ አንዱ «ገጣሚው ጀመረው» አለ፡፡ ከስሜ በታች የፈረመችው ገንዘብ ያዣችን ግን፣ ምንም ሳትናገር፣ «እኔም» የሚል አንድ ቃል ጽፋ አገኘሁ፡፡ ጋቢው ይገዛ አይገዛ ገና አልታወቀም፡፡ እኔ ግን ለዚያች ቃል ስል ይህችን ስንኝ ቋጠርኩ፤ ያለ መጠቅለያ እንድትቀበሉኝ እለምናለሁ፡፡

ስጦታሽ ሲመጣ በመሶብ ተከቶ፣
ቤቴን አጠገበ፣ ተመለሰ ሞልቶ፤
ስጦታሽ ሲመጣ ላስቲክ ተሸፍኖ፣
ፍቅሩ አልፎ ሄደ ልብሱ ዕዳ ሆኖ፤
ባዶ እጅሽን ነዪ፣ ወሬሽን አንግበሽ፣
ከማይደርቅ አበባ ይሻለኛል ሳቅሽ፡፡