ብቻውን የማይበቅል ዘር

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ገበሬ ዘሩ ሳይበቅል ሲቀር አስቀድሞ የሚመረምረው መሬቱን ነው። የደማችንም ነገር እንደዚሁ ነው። ደምን የሚወልዱት እናት ሴሎች በአጥንታችን መቅኒ ውስጥ ይኖራሉ። ከዚያ አውጥተው በላቦራቶሪ ሳህን ቢያኖሯቸው፥ 37 ዲግሪ ሙቀት፥ እርጥበት፥ ስኳርና ጨው እንኳ ቢሰጧቸው፥ ይህ ብቻ አይበቃቸውም፤ ሳይባዙ ይሞታሉ።

እንግዲህ የጐደላቸው ምንድን ነው? መልሱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በእስራኤል ፕሉዝኒክና ሳክስ፥ በ1966ም በአውስትራሊያ፥ በሜልበርን ከተማ፥ ብራድሊና ሜትካፍ አገኙት። የአይጥ ሴሎችን ከባሕር ሣር በሚወጣ፥ አጋር በሚባል የረጋ ነገር ውስጥ ዘሩ፤ ከሥሩ ግን ሌሎች ሕያዋን ሴሎችን አነጠፉ። ከቀናት በኋላ አንዳንዱ ዘር ተባዝቶ ራሱን የቻለ መንደር ሆነ። ለካስ ከታች ያሉት ጎረቤቶች የሚያሳድግ ቅመም ያመነጩ ኖሯል!

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይምሰላችሁ። ከእነዚህ ቅመሞች አንዱ ተለይቶ ከ1991 ጀምሮ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ሆኗል። የካንሰር መድኃኒት ነጭ ደሙን የቀነሰበት በሽተኛ ተራ ጀርም ሊጥለው ይችላል፤ መርፌው ግን መቅኒውን አነቃቅቶ ነጭ ደሙን ቶሎ ይመልስለታል።

ስለዚህ ይህን ሕክምና የሚወስድ ዘመድ ቢኖራችሁና ትኩሳት ቢይዘው፥ «ነገ ይሻለዋል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም አድርሱት። መልካም ጎረቤት የሚያስፈልገው ለሴል ብቻ አይደለምና።